በዩ ስትሪትና በናይንዝ ስትሪት የቆዩ የጡብ ሕንጻዎች ውስጥ ለምትሠሩ ተከራዮች፣ ለባለንብረቶችና ለኮሚኒቲ ማኅበራት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ወገኖች፣

ይህ ደብዳቤ በዋሽንግተን ዲሲ በዩ ስትሪት፣ በናይንዝ ስትሪትና በአካባቢያቸው ባሉ የቆዩ የጡብ ሕንጻዎች ውስጥ ምግብ ቤት፣ ካፌ፣ ሱቅ፣ ጸጉር ቤት፣ የጉዞና የሒሳብ ቢሮ ከፍታችሁ ለምትሠሩ ሁሉ ነው። ቤቱን ለሚያከራዩትና በእኛ በኢትዮጵያውያን ስም ለሚንቀሳቀሱት ማኅበራትም ይመለከታል። የምንጠይቀው ይህን ነው፦ በተከራያችሁት ቤት ከእናንተ በፊት ማን ማን እንደሠራበት እወቁ፤ የእናንተም ስም ከእነሱ ቀጥሎ እንዲሰፍር መረጃችሁን አስቀምጡ፤ እስከዚያው ግን ጡቡን በሲሚንቶና በቀለም አታበላሹት። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ምሳሌ የምናደርገው ብዙዎቻችሁ በየቀኑ የምታልፉበትን፣ በ12ኛውና በዩ ማዕዘን ላይ የቆመውን 1200 ዩ ስትሪትን ነው። ትሩ ሪፎርመር ሕንጻ ይባላል። ባለ አምስት ፎቅ ነው፤ የተመረቀው በ1903 ነው። ያሠራው ግራንድ ዩናይትድ ኦርደር ኦቭ ትሩ ሪፎርመርስ የተባለ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ሪችመንድ ቨርጂኒያ የነበረ የጥቁር አሜሪካውያን መረዳጃ ማኅበር ነው። ለእኛ ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልግም፤ ትልቅ ዕድር ነበር። አባሉ መዋጮውን ይከፍላል፣ ሲታመም ይታገዛል፣ ሲሞት በወጉ ይቀበራል፣ ለቤተሰቡም ገንዘብ ይሰጣል። ልዩነቱ ይህ ዕድር ባንክ ነበረው። መሥራቹ ዊልያም ዋሽንግተን ብራውን በጆርጂያ በባርነት የተወለደ ሰው ነው፤ ማኅበሩ በ1888 የባንክ ፈቃድ አውጥቶ በሚቀጥለው ዓመት በሩን ከፈተ። የዲሲውን ሕንጻ የነደፈው ደግሞ ጆን አንደርሰን ላንክፎርድ የተባለ፣ በወቅቱ ሠላሳ ዓመት እንኳ ያልሞላው ጥቁር አርክቴክት ነበር። ንድፉም፣ ገንዘቡም፣ ግንባታውም፣ ባለቤትነቱም በጥቁር አሜሪካውያን እጅ ነበር።

ልብ እንድትሉት የምንፈልገው ግን የሕንጻውን አከፋፈል ነው። የመንገዱን ደረጃ የያዘው ክፍል ለሱቅ፣ የላይኞቹ ፎቆች ለቢሮና ለማኅበራት መሰብሰቢያ ተመደቡ፤ ትልቅ አዳራሽ ነበረው፤ ከሥር ደግሞ ፈርስት ሰፓሬት ባታሊየን የተባለው የዲሲ ጥቁር ወታደሮች ክፍል የሚሠለጥንበት ቦታ ነበር። ማኅበሩ ሕንጻውን ለክብር ብቻ አላቆመውም፤ ኪራይ እንዲያስገባ አስቦ ነው የሠራው። ታዋቂው የጃዝ ሙዚቀኛ ዱክ ኤሊንግተን ገና ጎረምሳ ሳለ ለመጀመሪያ ጊዜ ተከፍሎት ፒያኖ የተጫወተው እዚህ ነው። የተከፈለው 75 ሳንቲም ነበር።

ባንኩ በ1910 ወደቀ፤ ማኅበሩም አብሮ ተዳከመ። በ1917 ሕንጻው ናይትስ ኦቭ ፒቲያስ ወደሚባል ሌላ የጥቁሮች ማኅበር ተላለፈ። በ1930ዎቹ የከተማው ፖሊስ ለጥቁር ልጆች ያቋቋመው ክለብ ገባበት። ቆይቶ ቀለም ሻጭ ተከራየው። በ1999 ፐብሊክ ዌልፌር ፋውንዴሽን የተባለ በጎ አድራጊ ድርጅት ገዝቶ አሳደሰው፤ በ2001ም ቢሮው አደረገው። ባለቤቶቹ ሲከስሩና ሲለዋወጡ ሕንጻው መቶ ዓመት የዘለቀው ለምን እንደሆነ ከተጠየቅን፣ መልሳችን ውበቱ አይደለም። ሱቁን ለማደስ ዋናውን ግድግዳ መንካት አያስፈልግም ነበር፤ አዳራሹም ለዳንስ፣ ለስብሰባም ሆነ ለልጆች ክለብ ይሆናል። በየዘመኑ ኪራይ የሚከፍል ሰው አላጣም። የቆየ የንግድ ሕንጻን የሚያድነው ከምንም በላይ ይህ ነው፤ ተከራይ ያጣ ቤት ጣሪያው ሲያፈስ የሚያይለት የለም።

ማዶ ያለውን 1213 ዩ ስትሪትንም ተመልከቱ። ዛሬ ሁሉም የሚያውቀው በቤንስ ቺሊ ቦውል ነው። ቤቱ ግን በ1910 አካባቢ የተሠራው ሚኒሃሃ ለተባለ ድምፅ አልባ ፊልም የሚያሳይ ሲኒማ ነው። ከዚያ ፑል መጫወቻ ሆነ። በ1958 ከትሪኒዳድ መጥቶ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የተማረው ቤን አሊና ባለቤቱ ቨርጂኒያ ምግብ ቤት አደረጉት። በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደል በተነሣው ረብሻ አካባቢው ሲቃጠል ይህ ቤት አልተነካም። በ1980ዎቹ መጨረሻ ለሜትሮው (ለምድር ውስጥ ባቡሩ) ግሪን ላይን ጎዳናው ተቆፍሮ ደንበኛ ሲጠፋም በሩን አልዘጋም። የዩ ስትሪት ጣቢያ በ1991 ተከፈተ። እንግዲህ የቤቱ ሦስተኛ ሙያ የሆነው ምግብ ቤት ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ድምር የበለጠ ዕድሜ አገኘ፤ ያንን ዕድሜ የሰጠው ደግሞ ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው ነው።

የእኛ ሰው ወደዚህ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ በአዳምስ ሞርጋን 18ኛ ጎዳና ላይ ነበርን። እዚያ ኪራይ ሲወደድና እዚህ ብዙ ቤት ባዶ ሆኖ ሲቆይ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ እንደ ዱከም ያሉ ምግብ ቤቶች በዩ ላይ፣ ሌሎችም በናይንዝ ላይ ተከፈቱ። በናይንዝ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ቤቶች መኖሪያ ሆነው የተሠሩ፣ በኋላ ፊታቸው ለሱቅ የተለወጠ ጠባብና ረጃጅም የጡብ ቤቶች ናቸው። በ2005 አካባቢ ናይንዝን «ሊትል ኢትዮጵያ» ለማሰኘት ሐሳብ ሲቀርብ ነባር ጥቁር ነዋሪዎች ተቃወሙ። ብዙዎቻችን በጊዜው ቅር አለን። ነገሩን ረጋ ብሎ ላየው ግን፣ ያነሡት ጥያቄ የእኛን ስም የሚጠላ አልነበረም፤ የእነሱ ስም ከእነዚያው ግድግዳዎች ላይ እንዳይጠፋ ነበር። መልሱ ክርክር አይደለም። በየቤቱ መስኮት ላይ ከእኛ በፊት የነበሩትን ተከራዮች ስም ጽፎ፣ የራስን በመጨረሻ መስመር ማስገባት ነው።

እንዴት ይገኛል ለምትሉ ሥራው ከባድ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉን ማወቅ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የሚያስፈልገው የጎዳና ቁጥር ሳይሆን የስኩዌርና የሎት (በብሎኩ ውስጥ ያለው የእያንዳንዱ ቦታ) ቁጥር ነው። በዲሲ እያንዳንዱ ብሎክ የስኩዌር ቁጥር አለው፤ በንብረት ግብር ወረቀት ላይ ይገኛል። የቤት ቁጥር ሊለወጥ ይችላል፤ ሎትም ሲከፈልና ሲቀላቀል ቁጥሩ ይለወጣል (800ና ከዚያ በላይ የሆኑት ለግብር ሥራ የተሰጡ ናቸው)፤ ስኩዌሩ ግን እምብዛም አይነካም። ቁጥሩን ከያዛችሁ በኋላ የከተማው የታሪካዊ ሕንጻዎች ቢሮ በኢንተርኔት ያወጣውን ሂስትሪ ኩዌስት ዲሲ የሚባል ካርታ ክፈቱ። ቤታችሁን ስትነኩት የተሠራበትን ዓመት፣ ከተመዘገበም የአርክቴክቱን፣ የግንበኛውንና የመጀመሪያውን ባለንብረት ስም ያሳያል።

ከዚያ ወደ ግንባታ ፈቃዱ ነው። ከ1877 እስከ 1949 የወጡት ፈቃዶች በማይክሮፊልም ተቀምጠዋል፤ በጂ ስትሪት ባለው የማርቲን ሉተር ኪንግ ቤተ መጻሕፍት ፒፕልስ አርካይቭ በሚባለው ክፍል ይታያሉ። ፈቃዱ የቤቱን ስፋትና ርዝመት፣ የፎቁን ብዛት፣ የግድግዳውን ዓይነት፣ የተገመተውን ወጪ ይናገራል። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ የፈቃዱን ዓመት የቤቱ ዓመት አድርጎ መውሰድ፤ በመጸው ፈቃድ የወጣለት ቤት ብዙ ጊዜ የሚያልቀው በሚቀጥለው ዓመት ነው፣ ጭራሽ ያልተሠራም አለ። ሁለተኛው፣ የመጀመሪያውን ፈቃድ አግኝቶ ማቆም። የተከራዮችን ታሪክ የሚነግሩት የኋለኞቹ የጥገና ፈቃዶች ናቸው፦ «የሱቅ መስኮት ለማስፋት»፣ «ከኋላ ምድጃ ለመሥራት» የሚሉት። ምድጃ ያስፈቀደ ሰው ዳቦ ጋጋሪ መሆኑን መገመት አያዳግትም።

ሦስተኛው የሳንቦርን የእሳት መድን ካርታዎች ናቸው። በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይገኛሉ። ለመድን ኩባንያዎች የተሠሩ ስለሆኑ ቤቱን በቀለም ይለዩታል፦ ሐምራዊ የሚመስለው ፈዛዛ ቀይ ጡብ ነው፣ ቢጫው እንጨት፣ ሰማያዊው ድንጋይ። በቤቱ ሳጥን ውስጥ ኤስ የሚል ፊደል ካያችሁ ሱቅ፣ ዲ ካያችሁ መኖሪያ ነው። የቀደመውን እትም ከኋለኞቹ ጋር ጎን ለጎን ስታስቀምጡ ዲ የነበረው ኤስ ሲሆን፣ ከኋላ ያለው ቢጫ ጋጥ ጠፍቶ ቦታው በቀይ ሲሞላ ታያላችሁ። ዛሬ ወጥ ቤት ያደረጋችሁት ክፍል ወለሉ ከፊተኛው ለምን ዝቅ እንደሚል ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ በሌላ ጊዜ የተቀጠለ ነው።

አሁን ወደ ስሞቹ። ቦይድስ የሚባለው የከተማ ማውጫ በየዓመቱ ነዋሪውንና ነጋዴውን በስም፣ በሥራና በአድራሻ ይዘረዝር ነበር። የቀድሞዎቹ እትሞች በስም ቅደም ተከተልና በሙያ ብቻ የተደረደሩ ስለሆኑ አድራሻችሁን ለማግኘት በሙያ የተከፈለውን ክፍል ማገላበጥ ይኖርባችኋል፤ ኋላ በጎዳና ቁጥር የሚዘረዝር ክፍል ተጨመረበትና ሥራው ቀለለ። በአሮጌዎቹ ላይ ከጥቁር ሰው ስም አጠገብ ምልክት ይደረግ እንደነበር ስታዩ አትገረሙ፤ ለታሪኩ ግን ይጠቅማል፣ አካባቢው መቼ እንደተለወጠ ያሳያል። በማውጫ ላይ አንድ ዓመት ስም ስላጣችሁ ቤቱ ባዶ ነበር አትበሉ፤ ቆጣሪው የመጣ ዕለት ሱቁ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ሦስት ተከታታይ ዓመታት አይታችሁ ፍረዱ። ከሱቁ በላይ የኖሩትን ለማወቅ የሕዝብ ቆጠራው አለ፤ ከ72 ዓመት በኋላ ስለሚከፈት እስካሁን የሚታየው እስከ 1950 ያለው ነው፣ የ1960ው በ2032 ይከፈታል። ማስታወቂያቸውን ደግሞ ከ1882 እስከ 1922 በታተመው ዋሽንግተን ቢ በተባለው የጥቁሮች ጋዜጣና በኢቭኒንግ ስታር ላይ ፈልጉ፤ አድራሻውን ብቻ በትእምርተ ጥቅስ አስገብታችሁ ስትፈልጉ የሚወጣው ነገር ብዙ ነው።

ማውጫዎቹ በ1970ዎቹ ቆመዋል። ትርጉሙን አስቡት። በ1925 በናይንዝ ላይ ፀጉር ይቆርጥ የነበረን ሰው ስም ዛሬ ማግኘት ይቻላል፤ በ1999 እዚያው ቤት ውስጥ ክትፎ ይሸጥ የነበረን ኢትዮጵያዊ ግን ከመቶ ዓመት በኋላ የሚፈልግ ሰው የት ያገኘዋል? የንግድ ፈቃድና ሰርተፊኬት ኦቭ ኦኪዩፓንሲ (ቤቱን ለሥራ ለመጠቀም የሚሰጠው ማረጋገጫ) በከተማው መዝገብ ቢኖሩም የሚያሳዩት የኩባንያውን ስም ነው፤ ኩባንያው ደግሞ ብዙ ጊዜ በሩ ላይ የተጻፈው ስም የለውም። በዚህ ጎዳና ታሪክ ውስጥ መዝገቡ በጣም የሳሳው የእኛ ዘመን ነው። ወደዚህ እንመለስበታለን፤ መጀመሪያ ግን ስለ ግድግዳው፣ ምክንያቱም ክረምት አይጠብቅም።

በዚህ አካባቢ ከ1920ዎቹ በፊት የተሠራ ቤት ጡቡ ለስለስ ያለ፣ በጡቦቹ መካከል ያለው ማያያዣ ደግሞ በዋናነት የኖራና የአሸዋ ነው። ግድግዳው ዝናብ ጠጥቶ መልሶ በማያያዣው በኩል ይተነፍሳል። አሠራሩ ይህ ስለሆነ ማያያዣው ሁልጊዜ ከጡቡ መለስለስ አለበት። ቶሎ የሚያልቀው እሱ ነው፣ የሚታደሰውም እሱ ነው። የዛሬ ኮንትራክተር ከሱቅ የገዛውን ጠንካራ የሲሚንቶ ሞርታር (ማያያዣ) ሲሞላበት እርጥበቱ መውጫ ያጣና በጡቡ ፊት በኩል ለመውጣት ይገደዳል። ጥርና የካቲት ላይ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ቀን ይቀልጣል፤ ጡቡ ውስጥ የገባው ውኃ በረዶ ሲሆን ይሰፋና የጡቡን ፊት እንደ ቅርፊት ገፍቶ ይጥለዋል። ከጥቂት ክረምት በኋላ ሲሚንቶው እንደ መረብ ወጣ ብሎ ይቀራል፣ ጡቡ ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል። ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በናይንዝ የኋላ መተላለፊያዎች ብትዞሩ ይበቃል።

ያላችሁ ማያያዣ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የመኪና ቁልፍ ይበቃል። ፋቅ ስታደርጉት እንደ ዱቄት የሚረግፍና ነጣ ያለ ከሆነ ኖራ ነው፤ ግራጫ ሆኖ ቁልፉን የሚመልስ ከሆነ በኋላ የገባ ሲሚንቶ ነው። ሲታደስ የተበላሸው ብቻ ይወጣል፣ ግድግዳው ሙሉ አይፋቅም። ጥልቀቱ የመገጣጠሚያውን ስፋት ሁለት እጥፍ ወይም ሁለት እጥፍ ተኩል ነው፤ ሦስት ስምንተኛ ኢንች የሆነ መገጣጠሚያ ከሦስት አራተኛ እስከ አንድ ኢንች ያህል ይቆፈራል ማለት ነው። በመሮና በመዶሻ እንጂ በግራይንደር (በኤሌክትሪክ መቁረጫ) አይሁን፤ በዲሲ የፊት ግድግዳዎች ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ፊቱ ልሙጥ የሆነ ጡብ መገጣጠሚያው አንድ ስምንተኛ ኢንች ብቻ ስለሆነ ምላጩ የጡቡን ጠርዝ ሳይበላ አያልፍም፣ የተበላ ጠርዝ ደግሞ አይመለስም። ውህዱ አንድ እጅ ኖራ ለሁለት ተኩል ወይም ለሦስት እጅ አሸዋ ነው። ጠንከር ያለ ካስፈለገ ዓይነት ኦ የሚባለው፣ አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት ኖራ፣ ስምንት ወይም ዘጠኝ አሸዋ፣ ከዚያ በላይ አትሂዱ። አሸዋው በቀለምና በመጠን ከነባሩ ጋር እንዲመሳሰል ትንሽ ቁራጭ ይዛችሁ ሂዱ። መገጣጠሚያው በውኃ ይርጠብ፤ ውህዱ በአንዴ ሳይሆን ሩብ ሩብ ኢንች እየሆነ፣ የታችኛው አውራ ጣት ሲጫነው ምልክት ብቻ እስኪቀበል እየተጠበቀ ይሞላ። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ፋራናይት በታች ወይም ከ95 በላይ ከሆነ ሥራው ይቆይ። ከተጨረሰ በኋላ ለቀናት እርጥብ ጆንያ ይንጠልጠልበት፤ ኖራ ቶሎ ከደረቀ ዱቄት ሆኖ ይቀራል።

ግንበኛ ስትቀጥሩ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ «ምን ዓይነት ሞርታር ነው የምትጠቀመው?» «ጠንካራውን፣ የማይለቀውን» ካላችሁ አመስግናችሁ ሸኙት።

ሌሎቹን በአጭሩ። ያልተቀባ ጡብ አትቀቡ፤ የተቀባውን ደግሞ በአሸዋ ርጭት ለማስለቀቅ አትሞክሩ፤ በእሳት የጠነከረውን ቆዳ ገፎ ለስላሳውን ሥጋ ለዝናብ ያጋልጠዋል። ማጽዳት ካስፈለገ ግፊቱ ከ400 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ያልበለጠ ውኃና የናይለን ብሩሽ ነው፤ የሽቦ ብሩሽ አይሆንም። ከእግረኛ መንገዱ ከፍ ብሎ የሚታየው ነጭ ዱቄት ብዙ ጊዜ በረዶ ለማቅለጥ የምትበትኑት ጨው ነው፤ በደረቁ ጠርጉት፣ ውኃ ከጨመራችሁበት መልሶ ይገባል። ለሳይን (ለሱቁ ስም ሰሌዳ) የሚመታው ብሎን ከመገጣጠሚያው ላይ ይግባ እንጂ ጡብ አይብሳ፤ መገጣጠሚያ ይጠገናል። በጎን ግድግዳ ላይ የምታዩት የኮከብ ቅርጽ ያለው ብረት ጌጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ከውስጥ ከወለሉ አግዳሚ ጋር ተያይዞ ግድግዳው ወደ ውጭ እንዳያብጥ የያዘ ነው። ከሱቁ መስኮት በላይ ከማዕዘኑ የሚነሣ ስንጥቅ ካያችሁ ውስጥ ያለው የብረት ተሸካሚ ዝጎ እያበጠ ሊሆን ስለሚችል በልስን አትሸፍኑት፣ መሐንዲስ ጥሩ።

አብዛኛው እርጥበት ግን ከላይ ነው የሚመጣው። የወለሉ አግዳሚዎች ጫፋቸው በጡቡ ውስጥ የተቀበረ ነው፤ አሸንዳ ሲደፈን ውኃው በግድግዳው ውስጥ ወርዶ እነዚያን ጫፎች ያበሰብሳል፣ ወለሉም ከዳር ይሰምጣል። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ቅጠል ካለቀ በኋላና በጸደይ፣ አሸንዳ ማጽዳት ከማንኛውም ጥገና ይረክሳል። ሁለተኛው የውኃ ምንጭ የራሳችን ወጥ ቤት ነው። ቤዝመንት ውስጥ ቀኑን ሙሉ እንጀራ የሚጋገር ከሆነ እንፋሎቱ መውጫ ይፈልጋል፤ ካላገኘ ቀዝቃዛው ጡብ ላይ ውኃ ሆኖ ያርፋል፣ ቀለሙ ይላጣል፣ ሻጋታ ይወጣል፤ እናንተ ደግሞ ከውጭ ገባ ብላችሁ ከባለንብረቱ ጋር ትከራከራላችሁ። ስለ ምጣድ ካነሣን፦ 1,500 ዋት የሚል ምጣድ በ120 ቮልት 12.5 አምፒር ይስባል፤ ለየአንዳንዱ የራሱ ባለ 20 አምፒር መስመር ያስፈልገዋል፣ በአሮጌ ሽቦ ላይ ሁለቱን በአንድ ሶኬት መሰካት እሳት መጥራት ነው። የጥብሱ ጢስም በድሮው የጡብ ጭስ ማውጫ አይሄድም፤ ቅባቱ በስንጥቁ ገብቶ ወደ ጎረቤት ይሻገራል፣ ግድግዳው የጋራ ነውና። በብየዳ የተያያዘ የብረት ቱቦ ነው የሚፈለገው።

ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለውን ኮርኒስ ከመቀየራችሁ በፊት አንዱን ሰሌዳ አንሥታችሁ በባትሪ አብሩበት። በብዙ ቤቶች ከላይ ጌጥ የታተመበት የቆርቆሮ ኮርኒስ አለ። የዲሲ ሕግ የሚጠብቀው በአብዛኛው የሕንጻውን ውጭ ስለሆነ ያንን ቆርቆሮ የሚያድነው የእናንተ ፍላጎት ብቻ ነው። ከ1978 በፊት የተቀባ ከሆነ እርሳስ ያለበት ቀለም ሊሆን ስለሚችል ሳይመረመር አይፋቅ፣ በተለይ ምግብ ባለበት። ዘጠኝ በዘጠኝ ኢንች የሆነ አሮጌ የወለል ንጣፍም አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል።

ስለ ፈቃድ፦ አካባቢው ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ግሬተር ዩ ስትሪት ሂስቶሪክ ዲስትሪክት ተብሎ በ1978ቱ የዲሲ ሕግ ይጠበቃል። ከውጭ የሚታይ ማንኛውም ለውጥ፣ መስኮትም ሳይንም ሆነ የጡብ ጥገና፣ በከተማው ፕላን ቢሮ ሥር ያሉት ባለሙያዎች ማየት አለባቸው። ነባሩን በሚመስል ነገር መተካት ከሆነ እነሱው ይፈቅዳሉ፤ ትልቅ ለውጥ ሲሆን በየወሩ ለሚሰበሰበው ቦርድ ይቀርባል። ኮንትራክተራችሁ «ፐርሚት አያስፈልገውም፣ ቅዳሜ እንጨርሰዋለን» ካለ፣ ሰኞ ሥራ ማስቆሚያ የሚለጠፈው በእናንተ በር ላይ እንጂ በእሱ መኪና ላይ አይደለም። ለሊዙም እንዲሁ። የንብረት ግብርንና ጥገናን በተከራይ ላይ የሚጥል ሊዝ ስትፈርሙ ጣሪያ፣ አሸንዳና የውጭ ግድግዳ የባለንብረቱ መሆኑ በግልጽ ይጻፍ፤ የግድግዳው ጥገና በኖራ ማያያዣ እንዲሆንም ይጨመር፤ በገባችሁበት ቀን የተነሣ ፎቶ ከሊዙ ጋር ይያያዝ። ባለንብረቶች፣ ሕንጻውን በሙሉ ለማደስ ካሰባችሁ ገቢ ለሚያስገቡ ታሪካዊ ሕንጻዎች የሚሰጠውን 20 በመቶ የፌዴራል ግብር ቅናሽ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ጠይቁ። ተከራይም ሊያገኘው ይችላል፤ ግን ሥራው ሲያልቅ ቢያንስ 39 ዓመት የቀረው ሊዝ ያስፈልገዋልና ለአብዛኞቻችሁ አይሆንም።

አሁን ወደ መዝገቡ። እያንዳንዱ ቤት አንድ ፋይል ይክፈት። ውስጡ የሚገባው ብዙ አይደለም፦ የሊዙ የመጀመሪያና የመጨረሻ ገጽ፣ የንግድ ፈቃዱና ሰርተፊኬት ኦቭ ኦኪዩፓንሲው፣ በኩባንያው ስምና በበሩ ስም መካከል ያለውን ዝምድና የሚገልጽ አንድ ወረቀት፣ የመጀመሪያው ሜኑ፣ ሳይኑ በተሰቀለበት ዓመት የተነሣ የፊት ለፊት ፎቶ። ስማችሁን በአማርኛና በእንግሊዝኛ፣ እንግሊዝኛው በፈቃዱ ላይ እንዳለው ፊደል ለፊደል ጻፉ፤ አንዱን ስም በሦስት ዓይነት ፊደል ስለምንጽፈው የሚፈልገን ሰው ሦስት የተለያዩ ሰዎች እንዳይመስሉት። ከፎቶው ጀርባ በእርሳስ ዓመቱንና የቤቱን ቁጥር። በስልክ ብቻ ያለ ፎቶ ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

የኮሚኒቲ ማኅበራት ደግሞ የምትሠሩት አለ። በ1990ዎቹ ሱቅ የከፈቱት ሰዎች አርጅተዋል፤ የተወሰኑት ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ሄደዋል፤ አገር ቤት የገቡም አሉ። የማን ቤት የት እንደነበር ከእነሱ አፍ ተጽፎ፣ ቅጂው ለፒፕልስ አርካይቭ ይሰጥ። የራሳቸው ቋንቋ ቢሆን ይሻላል፤ ትርጉሙ ከኋላ ይደርሳል። እናንተ ደግሞ ከማን ተረከባችሁ ብላችሁ ጠይቁ፤ ከናይንዝ ቤቶች መካከል በስድስትና በሰባት ኢትዮጵያውያን እጅ ያለፉ ይኖራሉና፣ ቅደም ተከተሉን አሁን ካልያዝነው ማን ቀድሞ እንደነበር በክርክር ልንወስነው ነው።

በመስኮት ላይ ለሚለጠፈው ወረቀት አንድ ገጽ ይበቃል። ትሩ ሪፎርመር ቢሆን ኖሮ እንዲህ ይነበብ ነበር፦ 1903 የትሩ ሪፎርመርስ ማኅበር፣ አርክቴክት ጆን ኤ. ላንክፎርድ፤ 1917 ናይትስ ኦቭ ፒቲያስ፤ በ1930ዎቹ የፖሊስ የልጆች ክለብ፤ ከዚያ ቀለም ሻጭ፤ 1999 ፐብሊክ ዌልፌር ፋውንዴሽን። ያላረጋገጣችሁትን ዓመት ባዶ ተዉት፤ ዱክ ኤሊንግተን በእኛም ቤት ተጫውቷል ለማለት አትቸኩሉ፣ በዚህ ጎዳና ያንን የማይል ቤት የለም።

ከአክብሮት ጋር፣
በቆዩ የንግድ ሕንጻዎች ታሪክና ጥገና ላይ የምንሠራ ባለሙያዎች